የጉምቦ ወጥ በየአገሩ፤ ስለ አንድ ድስት የተነሣ ክርክር

ክቡራንና ክቡራት አንባቢዎቻችን በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ማእድ ሥርዓት ስንጽፍ የቈየን መኾናችንን ያውቃሉ። ዛሬ የምንጽፈው ግን ከሩቅ አገር ወደ እኛ ስለ መጣ የአንድ ድስት ክርክር ነው። ነገሩም እንዲህ ነው።

በአሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት በኒው ኦርሊንስ ከተማ የምትኖር የእኅታችን ልጅ አለችን። ባሏ የዚያው ግዛት ተወላጅ ነው፤ ነገር ግን ያደገው በከተማው ሳይኾን ወደ ምዕራብ ርቆ በሚገኘው በሜዳው አገር ነው። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት አማቷ ሊጠይቋት በመጡ ጊዜ፥ ልታከብራቸው ብላ ጉምቦ የሚባለውን የአገሩን ወጥ ከከተማ ጎረቤቷ እንደ ተማረችው አድርጋ ሠርታ አቀረበችላቸው። አማቷም አንድ ጊዜ ቀምሰው ማንኪያውን በቀስታ አስቀመጡና «ልጄ፥ ይህ ጥሩ ሾርባ ነው፤ ጉምቦ ግን አይደለም። በጉምቦ ውስጥ ቲማቲም ምን ይሠራል?» አሏት። ጎረቤቷ ደግሞ ይህን በሰማች ጊዜ «ያለ ባሚያ የሚሠሩት የእነርሱ ጥቍር መረቅ ነው እንጂ ጉምቦ ያልኾነው!» ብላ ተቈጣች። ልጅቱም በኹለቱ መካከል ገብታ አዘነች፤ ለእኛም እንዲህ ብላ ጻፈችልን፤ «አጎቴ ሆይ፥ እርስዎ በፍርድ ቤት የሰው ክርክር ሲጽፉ ኖረዋል። እስቲ ይህን ደግሞ ይፍረዱልኝ፤ እውነተኛው ጉምቦ የማንኛቸው ነው?»

እኛ ጸሓፊ እንጂ ዳኛ አይደለንም። የጸሓፊ ሥራ ግን የምስክሩን ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መጻፍ ስለ ኾነ፥ መጻሕፍትን መርምረን ልጅቱንም ደጋግመን ጠይቀን ያገኘነውን ከዚህ ቀጥለን እናቀርባለን። ዓመቶቹ ኹሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የተጻፉ መኾናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ጉምቦ ማለት ከሾርባ ወፈር፥ ከእኛ ወጥ ቀጠን ያለ፥ በጐድጓዳ ሳሕን በነጭ ሩዝ ላይ ፈሶ በማንኪያ የሚበላ ምግብ ነው። የሉዊዚያና ሕግ አውጪዎችም የግዛታቸው ምግብ ይኸው እንዲኾን ደንግገዋል። በአብዛኛው በየትም ቢሠራ ሦስት አትክልት አይለዩትም፤ እነርሱም ሽንኩርት፥ ሰለሪና የማያቃጥለው ትልቁ የፈረንጅ ቃሪያ ናቸው። የአገሩ ወጥ ሠሪዎች እነዚህን በአንድነት «ቅድስት ሥላሴ» ይሏቸዋል። አጠራሩ ለእኛ ጆሮ ድፍረት ቢመስልም፥ እነርሱ የሚሉት ሦስቱ ሳይነጣጠሉ አንድ ጣዕም መስጠታቸውን ለማስረዳት ነው።

የክርክሩ ሥር ያለው ግን በእነዚህ ሳይኾን ወጡን በሚያወፍረው ነገር ላይ ነው። ማወፈሪያዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ከሦስት ሕዝብ የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ባሚያ ነው። ባሚያ ሲቈረጥ የሚዝለገለግ ፍሬ ስለ ኾነ መረቁን ያያይዘዋል። ወደ ሉዊዚያና የመጣው ከአፍሪቃ ሰዎች ጋራ ነው። ከ1719 ዓመት ዠምሮ መርከቦች በባርነት የተያዙትን አፍሪቃውያን በዚያ ባሕር ዳርቻ ማራገፍ ዠመሩ። በአንጎላ ወገን ከሚነገሩት ከባንቱ ቋንቋዎች በአንዱ ባሚያ «ኪንጎምቦ» ይባላል፤ ብዙዎች ሊቃውንት የወጡ ስም ከዚህ ቃል መጣ ይላሉ። ስለዚህ በሥረ ነገሩ «ጉምቦ» ማለት «ባሚያ» ማለት ነው እንደ ማለት ነው። የዚህ ተክል የመጀመሪያ አገሩ የት እንደ ኾነ የዕፅዋት ዐዋቂዎች ገና ይከራከራሉ፤ አንዳንዶቹ የእኛን አገር አካባቢ፥ ሌሎቹ ምዕራብ አፍሪቃን፥ ሌሎቹም ደቡብ እስያን ይጠራሉ። በአገራችን በምዕራብ በኩል፥ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በጋምቤላ የሚኖሩ ወገኖቻችን ባሚያን የዘወትር ምግባቸው አድርገው ይዘውታል። ጎረቤቶቻችን ሱዳኖችም አድርቀው ይፈጩትና «ወይካ» ብለው ወጥ ያወፍሩበታል። እንግዲህ የኒው ኦርሊንሷ ጎረቤት በድስቷ የምትጨምረው ነገር ለእኛ ፍጹም እንግዳ አይደለም።

ኹለተኛው ፊሌ ነው። ፊሌ ሳሳፍራስ የሚባለው ዛፍ ቅጠል ደርቆ የተፈጨ አረንጓዴ ዱቄት ነው። ይህን ያስተማሩት የምድሩ የጥንት ባለቤቶች ቾክቶ የሚባሉት ሕዝብ ናቸው። በእነርሱ ቋንቋ ቅጠሉ «ኮምቦ» ይባላል፤ ስለዚህም የወጡ ስም ከዚህ ቃል መጣ የሚሉ ሌሎች ሊቃውንት አሉ። ፊሌ ከእሳት ላይ ከፈላ ይጐተትና እንደ ክር ይኾናል። ስለዚህ የሚጨመረው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም በማእድ ላይ እያንዳንዱ በሳሕኑ ይነሰንሰዋል።

ሦስተኛው ሩ የሚባለው ነው። ሩ ዱቄትን በቅባት ውስጥ አድርጎ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ማብሰል ነው። ይህ ከፈረንሳዮች ወጥ ቤት የመጣ ጥበብ ነው። ፈረንሳዮች ግን ነጣ ብሎ ሳለ ያወርዱታል፤ የሉዊዚያና ሰዎች እስኪጠቍር ድረስ ይታገሡታል።

ይህን ካወቅን በኋላ መዝገቡን እንግለጥ። ስለ ጉምቦ ከተጻፉት ጥንታውያን ቃሎች አንዱ የተገኘው በወጥ መጽሐፍ ውስጥ አይደለም፤ በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ነው። በ1764 ዓመት በኒው ኦርሊንስ በባርነት የተያዘች አንዲት ሴት በችሎት ፊት ቀርባ ስትመረመር፥ ከሌላ ባሪያ ጋራ ስለ ተካፈለችው ምግብ ተጠየቀች፤ ጸሓፊውም የምግቡን ስም በፈረንሳይኛ ፊደል «ጎምቦ» ብሎ ጻፈው። ያ የሥራ ባልደረባችን ስለ ወጥ መጻፉን ያሰበበት አይመስለንም። ጽሕፈቱ ያስፈለገው ሴቲቱን ለመክሰስ ነበር። ኾኖም የከሳሾቿ ነገር ተረስቶ የወጧ ስም ብቻ ቀረ።

ከዚያም በ1803 ዓመት በኒው ኦርሊንስ በገዢው ግብዣ ላይ ጉምቦ ቀረበ፤ በ1804 ዓመት ደግሞ ከከተማው ውጭ ባሉት በአካዲያ ሰዎች የጭፈራ ማኅበር ላይ ተበላ። እንግዲህ ጉምቦ ከጥንት ዠምሮ በቤተ መንግሥትም በባላገርም፥ በከተማም በገጠርም ነበረ ማለት ነው።

በ1824 ዓመት ሜሪ ራንዶልፍ የምትባል የቨርጂኒያ እመቤት ባሳተመችው የወጥ ቤት መጽሐፍ ውስጥ ጉምቦን ከካሪብ ደሴቶች የመጣ ምግብ ብላ ጻፈችው። የእርሷ ጉምቦ ግን ባሚያ በጥቂት ውሃ፥ በጨውና በቍንዶ በርበሬ ተቀቅሎ በቀለጠ ቅቤ የሚበላ ነው፤ ሥጋ የለበት፥ ሩ የለበት፥ ቲማቲምም የለበት። የልጃችን አማትና ጎረቤት በዚህ ማእድ ቢቀመጡ ኹለቱም በአንድ ድምፅ «ይህስ ጉምቦ አይደለም» ይሉ ነበር ብለን እናስባለን።

በ1881 ዓመት ደግሞ አቢ ፊሸር የምትባል ሴት በሳን ፍራንሲስኮ መጽሐፍ አሳተመች። እርሷ በባርነት ተወልዳ በሞያዋ የታወቀች ወጥ ሠሪ ነበረች፤ ማንበብና መጻፍ ግን አልተማረችም። ስለዚህ እርሷ በቃሏ እየተናገረች ሌሎች ጻፉላት። በዚያ መጽሐፍ የባሚያ፥ የዶሮና የኦይስተር ጉምቦ ይገኛሉ። ኦይስተር በቅርፊት ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው። ስንት እንደ እርሷ ያሉ እጀ መልካሞች የሚጽፍላቸው ሰው አጥተው ጥበባቸውን ይዘው ወደ መቃብር እንደ ወረዱ ለአንባቢ አስተሳሰብ እንተዋለን።

አኹን ወደ ልዩነቱ እንመለስ። በከተማው እንዠምር። ኒው ኦርሊንስ በ1718 ዓመት ፈረንሳዮች በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የቈረቈሯት የወደብ ከተማ ናት። ከፈረንሳዮች በኋላ እስፓኞች ገዟት፤ በ1803 ዓመት ለአሜሪካ ተሸጠች። አፍሪቃውያን፥ ፈረንሳዮች፥ እስፓኞች፥ ጀርመኖችና በኋላም ጣሊያኖች የተቀላቀሉባት ስለ ኾነች፥ ክሬዎል የሚባሉት የከተማዋ ሰዎች ጉምቦም ቅልቅል ነው። በአንድ ድስት ውስጥ ሽሪምፕና ሸርጣን፥ ኦይስተርና ቋሊማ፥ አንዳንድ ጊዜም ዶሮ አብረው ይገባሉ። ሩው መካከለኛ፥ የመዳብ መልክ ያለው ነው። ባሚያ ይወዳሉ፤ ብዙዎቹም ቲማቲም ይጨምራሉ፤ በከተማዋ ውስጥ ቲማቲም የማያስገቡ ቤቶችም ግን አሉ። ገበያዋ ኹሉን ስለሚያቀርብላት ድስቷም ኹሉን ይቀበላል።

ወደ ምዕራብ ወደ ላፋዬት፥ ወደ ኦፐሉሰስ፥ ወደ ዩኒስና ወደ ማሙ ብንሄድ ነገሩ ይለወጣል። ይህ የልጃችን አማት አገር ነው። በዚያ ከሚኖሩት ብዙዎቹ ኬጀን ይባላሉ፤ ቃሉም «አካዲያን» ከሚለው የተበላሸ ነው። አባቶቻቸው ዛሬ ካናዳ በሚባለው አገር በአካዲያ የሚኖሩ ፈረንሳዮች ነበሩ። እንግሊዞች ከ1755 ዓመት ዠምረው ከርስታቸው ነቅለው ባልና ሚስትን፥ ወላጅና ልጅን እየለያዩ በመርከብ በተኗቸው። ከዚህ ስደት የተረፉት በ1764 እና በ1765 ዓመት ወደ ሉዊዚያና መድረስ ዠመሩ፤ በ1785 ዓመት ደግሞ 1,600 የሚያህሉ በሰባት መርከቦች ከፈረንሳይ መጡ። ርስት ያጣ ሰው በእጁ የሚገኘውን ያበስላል። የእነርሱም እጅ ያገኘው ዶሮና በጭስ የደረቀ ቋሊማ ነበር።

ስለዚህ የሜዳው ጉምቦ የዶሮና የቋሊማ ነው። ሩው የተቈላ ቡና እስኪመስል ድረስ ይጠቍራል፤ ቡና የምትቈላ ሴት እጇን ከምጣዱ እንደማታነሣ ኹሉ ሩ የምታማስልም ሴት ከድስቱ አትርቅም፤ ልጅ ቢያለቅስ እንኳ ሌላ ሰው ያባብለዋል። መረቁ ቀጠን ይላል፤ ቲማቲም ግን ፈጽሞ አይገባበትም። ከአጠገቡ የድንች ሰላጣ ይቀርባል፤ አንዳንዶቹም ሰላጣውን በሩዝ ፋንታ በጉምቦው ውስጥ ይጨምሩታል። ይህን የሚሠሩት ግን ከፈረንሳይ ወገን የመጡት ብቻ አይደሉም፤ በሜዳው የሚኖሩ ከአፍሪቃ ወገን የተወለዱ ክሬዎሎችም ይህንኑ ጥቍር ጉምቦ ያበስላሉ። አገር ከዘር ይልቅ ድስትን ይገዛል።

ወደ ደቡብ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ስንወርድ ደግሞ ዶሮው ይቀርና ሽሪምፕ፥ ሸርጣንና ኦይስተር ይነግሣሉ። በዚያ በባራታሪያ ወሽመጥ ከፊሊፒንና ከቻይና የመጡ ዓሣ አጥማጆች በውሃ ላይ በተተከሉ የእንጨት መድረኮች ሽሪምፕ እያደረቁ ይነግዱ ነበር። ከእነዚህ መንደሮች ታዋቂውን፥ ማኒላ ቪሌጅ የሚባለውን፥ በ1965 ዓመት ቤትሲ የተባለው ዐውሎ ነፋስ አጠፋው። የደረቀው ሽሪምፕ ግን እስከ ዛሬ በዚያ አገር ጉምቦ ውስጥ አለ። ከኒው ኦርሊንስ በላይ በወንዙ ዳር ደግሞ በ1720ዎቹ ጀርመኖች የሰፈሩበት አገር አለ። በዚያ ያለችው ላፕላስ የምትባለው ከተማ አንዱዪ በሚባል በጭስ በደረቀ የዐሣማ ቋሊማዋ የታወቀች ናት፤ ጉምቦዋም የሚሸተው ይኸው ጭስ ነው።

ልዩነቱ በአገር ብቻ ሳይኾን በወራትም ነው። በድሮ ዘመን የማቀዝቀዣ መኪና ሳይኖር ባሚያ የሚገኘው በበጋ ብቻ ነበር፤ በክረምት ጊዜ ፊሌ በቦታው ይተካ ነበር። ስለዚህ አንዲት እመቤት በዚያው በቤቷ በሐምሌ የባሚያ፥ በጥር የፊሌ ጉምቦ ትሠራለች፤ ራሷን ከራሷ ጋራ ስታከራክር ግን አትገኝም።

ደግሞም እንደ በዓሉ ይለያያል። በሜዳው አገር ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው በቅበላ ቀን፥ እነርሱ ማርዲ ግራ በሚሉት፥ ጭንብል ያደረጉ ፈረሰኞች በየቤቱ እየዞሩ ለጉምቦ የሚኾን ነገር ይለምናሉ። ባለቤቱም ዶሮ ይለቅላቸዋል፤ እነርሱም በጭቃ ውስጥ እየወደቁና እየተነሡ ያሳድዱታል፤ በማታ ኹሉም በአንድ ድስት ይበላሉ። በከተማው ደግሞ በጸሎተ ሐሙስ ቀን የጐመን ጉምቦ ይሠራሉ። በድስቱ የሚገባው የቅጠል ዐይነት ቍጥሩ ጐደሎ፥ ማለት አምስት ወይም ሰባት ወይም ዘጠኝ እንዲኾን ያስፈልጋል ይላሉ፤ በዚያው ዓመት በቅጠሉ ቍጥር ልክ አዲስ ወዳጅ ይገኛል ብለው ያምናሉና። በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን የምንበላ እኛ፥ ለአንድ ቀን የተለየ ድስት መጣድ ምን ማለት እንደ ኾነ አስረጂ አያሻንም።

ይህን ያነበቡ ወይዛዝርት ሊሞክሩት ቢወዱ፥ ልጃችን ከአማቷ ጽፋ የላከችልን ለስምንት ሰው የሚበቃ እንዲህ ነው። አንድ ብርጭቆ ዘይትና አንድ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት በወፍራም ድስት አድርጎ በቀስታ እሳት ከሠላሳ እስከ ዐርባ አምስት ደቂቃ ያለ ማቋረጥ ማማሰል። መልኩ ቡና ሲመስል የተከተፈ ኹለት ሽንኩርት፥ ሦስት ዘንግ ሰለሪና ኹለት የፈረንጅ ቃሪያ መጨመር፤ እነርሱ ሲገቡ ሩው መጥቈሩን ያቆማል። ቀጥሎ ዐራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፥ ጥቂት ጦስኝ፥ ቍንዶ በርበሬ፥ ጨውና በጣም ጥቂት ሚጥሚጣ መጨመር። ከዚያም ሦስት ሊትር የሞቀ ውሃ ቀስ በቀስ እያፈሰሱ ማዋሐድ፤ የተገነጣጠለ አንድ ዶሮ ጨምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በቀስታ ማንተክተክ፤ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅባት መግፈፍ። በዐሣማ ቋሊማ ፋንታ በጭስ የደረቀ የበሬ ሥጋ ቢገባ ጣዕሙ አይጐድልም። ባሚያ የሚወድ አስቀድሞ በጥቂት ዘይት ቢጠብሰው ልጋጉ ይቀንስለታል። ሦስት ነገር ይጠንቀቁ፤ ትኵስ ሩ ከእጅ ላይ ቢፈናጠር ክፉ ያቃጥላልና ሕፃናት አይቅረቡ፤ በሩው ውስጥ ጥቍር ነጥብ ቢታይ አርሯልና ሳያዝኑ ደፍተው እንደ ገና ይዠምሩ፤ እንግዳ ደርሷል ብለው እሳቱን አያጋግሉት።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። «እውነተኛው የማንኛቸው ነው?» ላለችን እንዲህ ብለን መለስንላት፤

«ልጃችን ሆይ፥ በአንድ ነገር ኹለት ምስክሮች ቀርበው የተለያየ ቃል ሲናገሩ፥ ወይ አንዱ ሐሰተኛ ነው፤ ወይም ኹለቱ የቆሙበት ቦታ የተለያየ ነው። አማትሽና ጎረቤትሽ የቆሙበት ቦታ የተለያየ ነው። ጎረቤትሽ ባሚያውን ስትጨምር በመርከብ ታስረው የመጡት እናቶቿ ምን ይበሉ እንደ ነበር መመስከሯ ነው። አማትሽ ዱቄቱን ሲያጠቍሩ ከርስታቸው የተነቀሉት አባቶቻቸው በባዕድ ሜዳ እንዴት እንደ ኖሩ መመስከራቸው ነው። ባሚያው ከአንቺ ድስት ቢወጣ የአንዱ ሕዝብ ቃል ከመዝገቡ ተፋቀ፤ ሩውም ቢወጣ የሌላው ተፋቀ። በአገራችን ‹የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ› ይባላል። ስለዚህ አማትሽ ሲመጡ የእርሳቸውን፥ ጎረቤትሽ ስትመጣ የእርሷን ሥሪላቸው፤ ኹለቱ በአንድነት ሲመጡ ግን ኹለት ድስት ጣጂ።»

ይህን የምንለው ለማስታረቅ ብቻ አይደለም። በዚያች ከተማ ሊያ ቼዝ የተባሉ በ1923 ዓመት ተወልደው በ2019 ዓመት ያረፉ ታላቅ ወጥ ሠሪ ነበሩ። በዘር ልዩነት ሕግ ዘመን ጥቍርና ነጭ በአንድ ማእድ እንዳይቀመጥ ሲከለከል፥ በእርሳቸው ምግብ ቤት፥ ዱኪ ቼዝ በሚባለው፥ ኹለቱ ወገኖች ተቀምጠው ጉምቦ እየበሉ ስለ መብት ይመክሩ ነበር። ሕጉ የለያቸውን ድስቱ ሰበሰባቸው።

በነሐሴ 2005 ዓመት ደግሞ ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ መጣ። የከተማው መከላከያ ግንብ ተደርምሶ ከከተማው ከመቶ ሰማንያው እጅ በውሃ ተሸፈነ፤ ከሺሕ በላይ ሰው ሞተ። የሊያ ቼዝ ቤትም ተጥለቀለቀ፤ እንደ ገና የተከፈተው በ2007 ዓመት ነው። ውሃው ሲጐድል ሰዎች ወደ ቤታቸው ተመልሰው ከጭቃው ውስጥ ከፈለጉት ነገር አንዱ እናቶቻቸው በእጃቸው የጻፉት የወጥ ደብተር ነበር፤ ቀለሙ ግን ታጥቦ አገኙት። በዚያን ጊዜ ታይምስ ፒካዩን ለሚባለው ለከተማው ጋዜጣ እየጻፉ «ከዚህ በፊት ያወጣችሁትን ያን አሠራር መልሳችሁ አውጡልን» ብለው ለመኑ። ጋዜጣውም ከአንባቢዎቹና ከድሮ ቅጾቹ ሰብስቦ በ2008 ዓመት በመጽሐፍ አሳተመው። የባሕሩ ዳርቻ ጉምቦም አደጋ ላይ ነው፤ ከ1932 እስከ 2016 ዓመት ድረስ ከሉዊዚያና ዳርቻ 4,800 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል መሬት ውሃ በልቶታል። መሬቱ ሲሄድ አጥማጁ ይሄዳል፤ አጥማጁም ሲሄድ ድስቱ ይከተለዋል።

ልጅቱ ምክራችንን ተቀብላ ደብተርና ብርጭቆ ይዛ ወደ አማቷ ወጥ ቤት ሄደች። እርሳቸው ሰፍረው የማያውቁ፥ በእጃቸው የሚዘግኑ ስለ ኾኑ፥ ዱቄቱን ወደ ድስቱ ሊጨምሩ ሲሉ እጃቸውን ያዝ እያደረገች በብርጭቆው ሰፈረችው። ከላይ የጻፍነው አሠራር በዚያ ቀን የተገኘ ነው። እርሳቸውም እየሣቁ «ልጄ፥ ከልጆቼ ይህን የጠየቀኝ የለም» እንዳሏት ጽፋልናለች።

በዚያው ደብዳቤ መጨረሻ ግን አንድ ጥያቄ ነበረ፤ «አጎቴ ሆይ፥ እናቴ በዶሮ ወጧ ከበርበሬው ቀጥላ የምትጨምረው ምን ነበር? ያንን ሽታ አስታውሳለኹ፤ ስሙን ግን አላውቀውም።»

እኅታችን ካረፈች ዐራት ዓመት ኾናት። ከሠላሳ ዓመት በላይ በማእዷ ተቀምጠን ያን ወጥ በልተናል፤ እጅሽ ይባረክ ብለናታል፤ ምን ትጨምሪበታለሽ ብለን ግን አንድ ቀን አልጠየቅናትም። ለፍርድ ቤት የብዙ ሰው ቃል የጻፈው እጃችን የእርሷን አንዲት ቃል አልጻፈም። በቤት ያሉትን ብንጠይቅ አንዱ ኮረሪማ ነው አለ፤ ሌላው ጥቍር አዝሙድ ነው አለ፤ ሌላውም ኹለቱም አይደለም አለ። እርሷ ከሌለች በኋላ የሚፈርድልን የለም። ለልጅቱም ይህንኑ እውነቱን ጻፍንላት።

ክቡራንና ክቡራት አንባቢዎች ሆይ፥ አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለመሬት ውልና ለኑዛዜ ብቻ አይደለም። በዚህ ሳምንት ባለቤታችን ወጥ በሚሠሩበት ጊዜ ደብተር ይዘን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ነበር። በመጀመሪያ «ከወጥ ቤት ምን አመጣዎት?» ብለው ተገረሙ፤ በኋላ ግን እያንዳንዱን እየሰፈሩ ነገሩን። እስካኹን ሦስት ገጽ ጽፈናል። እናታችሁ፥ አያታችሁ፥ ሞግዚታችሁም በሕይወት ያለችላችሁ እንዲሁ አድርጉ። ለዛሬው በዚህ ይብቃን።